ታይፉን ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ታይፉን፣ በሰሜን ምዕራብ ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሳው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ ሲባል ቶሎ የሚታየን ነፋሱ ነው። የተነቀለ ዛፍ፣ የተገነጠለ ቆርቆሮ። ነፋሱ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ታይፉን ለመባል ብቻ በሰዓት 118 ኪሎ ሜትር ገደማ መድረስ አለበት። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ግን ብዙ ሰው ያለቀባቸውን ታይፉኖች ብታዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ገዳዩ ውሃው ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው፤ ወይም ሰዓቱን ካለማወቅ።

“ቤቴ ጠንካራ ነው፣ የትም አልሄድም”

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2013 ፊሊፒንሶች ዮላንዳ የሚሉት ታይፉን ሃይያን የታክሎባንን ከተማ መታ። በአገሪቱ ከ6,000 በላይ ሰው ሞተ። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ተነግሮ ነበር። ብዙዎች ግን የጠበቁት እንደ ሌላው ጊዜ ነፋስና ዝናብ ነው። የመጣው ባሕሩ ራሱ ነበር። ነፋሱ የባሕሩን ውሃ እየገፋ፣ አንዳንድ ቦታ ከ5 ሜትር በላይ ከፍ አድርጎ ከተማው ውስጥ ከተተው። ነፋሱን የተቋቋሙ ግድግዳዎች ውሃው ውስጣቸው ሲሞላ ለሰዉ ምንም አልፈየዱም። መጠለያ ተብለው የተመረጡ አንዳንድ ሕንፃዎች ሳይቀሩ ተጥለቀለቁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “ቤቱ ምን ያህል ጠንካራ ነው?” አይደለም፤ “ቤቱ የት ነው ያለው?” ነው። ዝቅ ያለ የባሕር ዳርቻ ላይ ነው? ወንዝ ዳር ነው? ሊናድ የሚችል ተራራ ሥር ነው? ከሆነ ግንቡ ወፍራም መሆኑ ብዙም አይረዳም። ውጡ ሲባል መውጣት ነው። ጃፓን ውስጥ ማስጠንቀቂያው 5 ደረጃ አለው፤ 4 ላይ ሲደርስ አደጋ ቀጠና ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መውጣት አለበት። 5 ማለት አደጋው ደርሷል፣ ወይም ሊደርስ ነው። 5ን ጠብቆ ሻንጣ መሸከፍ ያው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቤት መቆየት የሚያዋጣው ከነዚህ ቦታዎች ራቅ ላለና ቤቱ ለጠና ሰው ነው። የሚቀጥለው ሁሉ ለእሱ ነው።

መስኮት ላይ በፕላስተር ኤክስ መሥራት

ይህ ነገር ከየት ተነስቶ እንዲህ እንደተስፋፋ ይገርመኛል። ፕላስተር መስተዋቱን አያጠነክረውም። እንዲያውም ሲሰበር ትልልቅ ስባሪ ሆኖ እንዲበር ሊያደርገው ይችላል። የሚረዳው የመስኮት መዝጊያ ወይም ወፈር ያለ ኮምፐርሳቶ ነው። ሁለቱም ከሌሉ መጋረጃውን ዝጉና ከመስኮቱ ራቁ። መስኮት የሌለው ውስጠኛ ክፍል፣ ኮሪደር ወይም መታጠቢያ ቤት ይሻላል።

“ግፊቱ እንዲመጣጠን መስኮት ገርበብ ላድርግ”

በፍጹም። ነፋሱ ከላይ ጣሪያውን ወደ ላይ ይስበዋል። መስኮት ከከፈታችሁለት ደግሞ ገብቶ ከታች ይገፋዋል። ሁለቱ ሲተባበሩ ጣሪያው ይነሳል። መስኮትና የውጭ በር ሁሉ ጥርቅም ይበል። የውስጥ በሮችንም ዝጉ፤ አንድ መስኮት ቢሰበር ነፋሱ ቤቱን ሁሉ እንዳይሞላው ያግዛሉ። በረንዳ ላይ ያለ ወንበር፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ብስክሌት ቀደም ብሎ ወደ ውስጥ ይግባ። አለዚያ የጎረቤት መስኮት ላይ ነው የሚያርፈው።

ጸጥ ሲል መውጣት

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የታይፉን መሃል፣ ዓይን የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። እላያችሁ ላይ ሲደርስ ነፋሱ ቀጥ ይላል። አንዳንዴ ሰማዩም ይገለጣል። ሰው “አለፈ” ብሎ ይወጣል፤ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ መኪናውን ሊያይ ይሄዳል። ጸጥታው ጥቂት ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ ሰዓትም ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ነፋሱ በድንገት ይመለሳል፣ ያውም ከተቃራኒው አቅጣጫ። በመጀመሪያው ዙር የላላው ቆርቆሮ የሚነቀለውም ያኔ ነው። የአየር ትንበያው ማለፉን እስኪናገር በሩን አትክፈቱ።

ካለፈም በኋላ ቢሆን ወንዝ ልይ ብሎ መሄድ ሌላ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ታይፉን ሃጊቢስ ጃፓን የገባው ኦክቶበር 12 ምሽት ነው። ናጋኖ ውስጥ የቺኩማ ወንዝ መከላከያ የተደረመሰው ግን በማግስቱ ንጋት ላይ ነው። ከተራራ የወረደ ውሃ ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚደርሰው። በዚያው ታይፉን መኪና ውስጥ እያሉ ጎርፍ የወሰዳቸው ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። የሚሮጥ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል።

ውሃው ቤት ከገባስ? ወደ ላይኛው ፎቅ ውጡ። ግን መውጫ የሌለው የኮርኒስ ውስጥ አትግቡ፤ ውሃው ከተከተላችሁ መፈናፈኛ የለም።

ጄኔሬተር ቤት ውስጥ ማስነሳት

ከታይፉኑ ተርፎ በዚህ የሚሞት ሰው አለ። የጄኔሬተርም ሆነ የከሰል ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። አይታይም፣ አይሸትም። መስኮት መክፈት በቂ አይደለም፤ ጋራዥም በረንዳም አይሆንም። ጄኔሬተር ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ከበርና ከመስኮት ዞር ብሎ ነው የሚነሳው። ነፋሱ ገና ካልበረደ ደግሞ ጨርሶ አይነሳም። ለመብራት የእጅ ባትሪ ይብቃችሁ። በዚያ ሰዓት ሻማ እሳት ቢያስነሳ የእሳት አደጋ መኪና አይደርስላችሁም።

“ውሃ ከቧንቧ አለ”

መብራት ሲሄድ ፓምፑም ይቆማል፣ ቧንቧውም ሊደርቅ ይችላል። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ፣ ቢያንስ ለ3 ቀን የሚሆን ቀድማችሁ ቅዱ። ስልክና ፓወር ባንክም መብራት ሳይጠፋ ይሞሉ።

ፍሪጁን እየከፈቱ ማየትም ይቅር። ካልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር (በረዶ የሚያደርገው) ደግሞ እስከ 48 ሰዓት። ፍሪጁ ያለ መብራት ከ4 ሰዓት በላይ ከቆየ ውስጡ ያለው ሥጋና ወተት ይጣላል። “እስቲ ልቅመሰው” አያስፈልግም።