የቮልስዋገን ሞተርን የቮላኖ በኩል ኦይል ሲል እንዴት መቀየር ይቻላል

አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም በየመንገዱ የሚታየው አሮጌው ቮልስዋገን፣ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ቦታ ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር ባለቤቶች ጥፋቱን በቮላኖው (በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ በሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) በኩል ባለው ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ በሚከለክለው የጎማ ቀለበት ላይ ይጥላሉ። ግምታቸው ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው፤ ሆኖም ኦይል ሲሉ የተበላሸበትን ምክንያት ሳይፈልጉ እሱን ብቻ የቀየሩ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ሞተሩን ዳግመኛ ለማውረድ ይገደዳሉ። ኦይል ሲሉን ማውጣትና ማስገባት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበትን ክፍተት ልክ ማምጣት ስለሆነ፣ ይህ ጽሑፍም የሚያተኩረው እዚያው ላይ ነው።

ሞተሩ ከመውረዱ በፊት የሚንጠባጠበው ዘይት ከየት እንደመጣ ይለይ። የካምቢዮ ዘይት ወፍራምና ድኝ ድኝ የሚሸት ሲሆን፣ የሞተር ዘይት ቀጠን ያለና አብዛኛውን ጊዜ የጠቆረ ነው። የሚወርደው የካምቢዮ ዘይት ከሆነ ጥፋቱ ከሞተሩ ሳይሆን ከካምቢዮው ዘንግ ኦይል ሲል ነው። ቀጥሎም ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የታችኛው ፑሌጃ በእጅ ተይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይገፋ። በግልጽ የሚታይ እንቅስቃሴ ካለ ወይም “ቋ” የሚል ድምፅ ከተሰማ ክፍተቱ ከልክ አልፏል ማለት ነው፤ አዲስ ኦይል ሲል ብቻውን አያድነውም።

ሞተሩን ማውረድ በዚህ መኪና ላይ ከብዙ ሌሎች መኪናዎች ይቀላል። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ፣ የቤንዚን ቱቦው (ጫፉ ወዲያው ይደፈን)፣ የነዳጅ መስጫ ገመዱ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹና የማሞቂያው ገመዶች ከተለያዩ በኋላ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያስሩት አራት ማሰሪያዎች በ17 ቁልፍ ይፈታሉ። ከላይ በቀኝ በኩል ያለው ብሎን ሞተሪኖውንም (የሞተር ማስነሻውን) አብሮ ይይዛል። ክሪኩ የሞተሩን ክብደት ሙሉ በሙሉ ሳይሸከም የመጨረሻው ዳዶ አይፈታ፤ ሞተሩም ከካምቢዮው ዘንግ እስኪላቀቅ ድረስ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳብ እንጂ በዘንጉ ላይ አይንጠልጠል። አንድ ረዳት ያስፈልጋል፤ ብቻን መሞከር ለጀርባም ለመኪናውም ደግ አይደለም።

የፍሪሲዮኑ ብሎኖች በየተራ ጥቂት በጥቂት ላልተው ከወጡ በኋላ ቮላኖውን የሚይዘው ትልቁ ማዕከላዊ ብሎን ይቀራል። ይህ ብሎን የሚፈታው በ36 ቡሶላ፣ በረጅም ብረትና ቮላኖው እንዳይዞር በሚይዝ መቆለፊያ ነው። መቆለፊያው በሁለት የፍሪሲዮን ብሎን ቀዳዳዎች ላይ የታሰረ ጠንካራ የማዕዘን ብረት ቢሆን ይበቃል። ብሎኑን በመዶሻና በመሮ እየመቱ መፍታት በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም እኔ ፈጽሞ አልመክረውም፤ ጠርዙ የተበላ ብሎን ሲመለስ በልኩ አይጠብቅምና። ቮላኖው ከመውጣቱ በፊት እሱና ክራንክ ሻፍቱ የሚገናኙበት ቦታ ምልክት ይደረግበት።

አሮጌው ኦይል ሲል በካቻቢቴ ተፈልቅቆ ይወጣል፤ የሞተሩ ቤት ለስላሳ ብረት ስለሆነ ግን ካቻቢቴው ግድግዳውን እንዳይጭረው ጥንቃቄ ያሻል። ከኋላው ሦስት ስስ የብረት ቀለበቶች ማለትም ሺሞች ይገኛሉ። ሁለት ብቻ ወይም አራት ከተገኙ ከዚህ በፊት ሞተሩን የነካው ሰው በግምት እንደሠራ ይታወቅ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ክራንክ ሻፍቱ ከፊት ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ 0.15 ከደረሰ አልፏል። ክፍተቱ ሲጠብ ኩሽኔታው (ክራንክ ሻፍቱን የሚሸከመው ቤሪንግ) ይነክሳል፤ ሲሰፋ ደግሞ ቮላኖው በኦይል ሲሉ ከንፈር (ቮላኖውን በሚነካው የውስጥ ጠርዙ) ውስጥ እየተመላለሰ ይበላዋል። አለካኩ እንዲህ ነው። ኦይል ሲሉም ሆነ በቮላኖው ውስጥ ያለው ኦ ሪንግ (ቀጭን የጎማ ቀለበት) ሳይገባ፣ ሁለት ሺሞች ብቻ ተደርገው ቮላኖው ይታሰርና ይጠብቃል። በኦ ሪንግ ፈንታ ስስ ጋስኬት ያላቸው የቀድሞ ሞተሮች ላይ ግን ጋስኬቱ ራሱ ውፍረት ስላለው በመለኪያው ጊዜም መግባት አለበት። ከዚያ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) በሞተሩ ቤት ላይ ታስሮ ጫፉ ቮላኖውን ይነካል፤ ክራንክ ሻፍቱም እስከ መጨረሻው ተገፍቶና ተስቦ ልዩነቱ ይነበባል። ከተነበበው ላይ 0.10 ሲቀነስ የሚተርፈው የሦስተኛው ሺም ውፍረት ነው። ለምሳሌ 0.44 ከተነበበ የሚፈለገው 0.34 ይሆናል። ሺሞቹ በ0.24፣ 0.30፣ 0.32፣ 0.34፣ 0.36 እና 0.38 ሚሊሜትር ይሠራሉ፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከአሮጌ ሞተር የወጡ ሺሞችን የሚገዛ ሰው እያንዳንዱን በማይክሮሜትር ለክቶ ይውሰድ። ሦስተኛው ከገባ በኋላ ልኬቱ እንደገና ይደገም። ሺሞቹ ሁልጊዜ ሦስት ናቸው፤ አንድ ወፍራም ቀለበት በቶርኖ ቤት አስቆርጦ መተካት ቁጥሩን ቢያስተካክልም ሦስቱ እርስ በርሳቸው እየተንሸራተቱ የሚካፈሉትን ፍትጊያ አንዱ ብቻውን እንዲሸከም ያደርገዋል።

ቮላኖው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ የሚላወስ ከሆነ፣ ወይም ኩሽኔታው ራሱ በሞተሩ ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሺም አይረዳም። ያ ሞተር መከፈት አለበት።

ልኩ ከመጣ በኋላ ቮላኖው ይወጣና ሦስቱም ሺሞች ዘይት ተቀብተው ይመለሳሉ። የኦይል ሲሉ መቀመጫ በደረቅ ጨርቅ ይጽዳ፣ ስል ጠርዝ ካለው በቀስታ ይለስልስ። ቮላኖው ላይ ከንፈሩ የሚያርፍበት ቦታ በጥፍር ሲዳሰስ ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ካለው በቶርኖ ቤት ይስተካከል ወይም ቮላኖው ይቀየር። ለኦይል ሲሉ ከጥቁሩ ጎማ ይልቅ ሙቀትን የተሻለ የሚችለውን የሲሊኮን ዓይነት እመርጣለሁ። ሞላ (ስፕሪንግ) ያለው ጎን ወደ ሞተሩ ዞሮ፣ ዙሪያው እኩል እየተገፋ እስከ መቀመጫው መጨረሻ ይግባ። አንድ ጎኑ ቀድሞ ከገባ ይጣመማልና በመዶሻ ጥግ ጥጉን ከመምታት ይልቅ ሰፊ ጠፍጣፋ ብረት አድርጎ በማዕከላዊው ብሎን ቀስ በቀስ መጫን ይሻላል። ከንፈሩ በሞተር ዘይት ይቀባ፤ አዲስ ኦ ሪንግም በቮላኖው ውስጥ ይደረግ።

ማዕከላዊው ብሎን የሚጠብቀው በ300 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን የሚለካ ቶርክ መፍቻ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ለሌለው ግን 1 ሜትር ርዝመት ያለው ብረት አግድም ሆኖ ጫፉ ላይ የ30 ኪሎ ክብደት ማሳረፍ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል። በብሎኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ ጥቂት ግራሶ ትቀባ፤ ከበዛ ወደ ፍሪሲዮኑ ይፈናጠራል። በዘይት የራሰ የፍሪሲዮን ዲስክ ታጥቦ አይመለስም፣ ይቀየራል።

ሞተሩ በወረደበት አኳኋን ከተመለሰ በኋላ 2.5 ሊትር ዘይት ይሞላ፤ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦም አለመደፈኑ ይታይ፤ ከተደፈነ በውስጥ የሚታመቀው ግፊት አዲሱንም ኦይል ሲል ዘይት ያስተፋዋል። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ባዶ እንቅስቃሴ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ተደርጎ ከተስተካከለ በኋላ ሞተሩ እስኪሞቅ ይነዳ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሁለት ጠብታ ቢታይ በካምቢዮው ቤት ውስጥ የቀረ አሮጌ ዘይት ሊሆን ስለሚችል፣ ከስሩ ንጹህ ካርቶን አንጥፎ ጠብታው እየቀነሰ መሄዱን መከታተል ይበቃል።