ፍሳሽን በሰጋቱራ ለማጣራት፦ መጀመሪያ በፍላስክ (በትንሽ የላቦራቶሪ ጠርሙስ) ሞክሩት

የመጀመሪያ ሙከራዬን ያበላሸው ሳላጥብ የጨመርኩት ሰጋቱራ ነው። የማቅለሚያ ፍሳሹ ይነጣል ብዬ ስጠብቅ ቡናማ ሆኖ አገኘሁት። ጥሬ እንጨት ታኒን የተባለ ቡናማ የዕፅዋት ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ታኒኑ ውሃውን ያቀልማል፣ በውስጡ ያለውን የኦርጋኒክ ቆሻሻ መጠንም ይጨምራል።

ስለዚህ ሰጋቱራውን በፈላ ውሃ ዘፍዝፉና ድፉት፤ የሚደፋው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሙት። ከዚያ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርቁት። በወንፊት ነፍታችሁ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር ያለውን አስቀሩ። የላመው ብክለቱን ቶሎ ይይዛል፤ ግን ከውሃው ለመለየት ያስቸግራል። ቀለም፣ ቫርኒሽ ወይም የነቀዝ መከላከያ ኬሚካል የነካውን ፈጽሞ አትጠቀሙ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው ለፒኤች (ለውሃው የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይጨምራል) ነው። እርሳስና መዳብ የተባሉት ብረቶች በውሃ ውስጥ ፖዘቲቭ አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) ስለሆኑ ኔጌቲቭ የሆነው የሰጋቱራው ገጽ ይስባቸዋል። ውሃው በጣም አሲዳማ ከሆነ ግን ሃይድሮጅን አዮኖች ቦታውን ይሻሟቸዋል። እኔ ከ4 እስከ 5 ባለው እጀምራለሁ። ክሮሚየም 6 (ክሮሚየም የተባለው ብረት ከሚገኝባቸው ዓይነቶች አንዱ) ተቃራኒ ነው፤ ኔጌቲቭ አዮን ሆኖ ስለሚገኝ በፒኤች 2 አካባቢ ይሻለዋል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ከፊሉ በሰጋቱራው ምክንያት ወደ ክሮሚየም 3 ተለውጦ እዚያው ውሃ ውስጥ ይቀራል። ክሮሚየም 6ን ብቻ የለካ ሰው ሁሉም የወጣ ይመስለዋል። ጠቅላላውንም ለኩ።

ፒኤቹ ከፍ ሲል ደግሞ እርሳስ ራሱ ይዘቅጣል፤ ምስጋናው ግን ለሰጋቱራው ይሄዳል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ሰጋቱራ የሌለበት ፍላስክ ጎን ለጎን የማስቀምጠው፤ በፒኤችም በማጣሪያ ወረቀትም ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህን ፍላስክ የዘለለ ውጤት አላምንም።

በየፍላስኩ 100 ሚሊሊትር ፍሳሽ ቅዱና 0.1፣ 0.2፣ 0.5 እና 1 ግራም ሰጋቱራ ጨምሩ። እያናወጣችሁ በ5፣ 15፣ 30፣ 60 እና 120 ደቂቃ ናሙና ውሰዱ። የብክለቱ መጠን መውረዱን ሲያቆም የሚበቃውን ጊዜ አገኛችሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በሊትር 50 ሚሊግራም የነበረው በ0.5 ግራም ሰጋቱራ ወደ 10 ከወረደ፣ ከ100 ሚሊሊትሩ የወጣው 4 ሚሊግራም ነው፤ አንድ ግራም ሰጋቱራ 8 ሚሊግራም ያዘ ማለት ነው።

በላቦራቶሪ በተበጠበጠ ንጹሕ መፍትሔ ብቻ አትርኩ። እውነተኛው ፍሳሽ ጨውና ሳሙና አለበት፤ ዘይት ካለበትም ዘይቱ ገጹን ስለሚሸፍነው አስቀድማችሁ አስወግዱት።

ያገለገለው ሰጋቱራ ያሳስበኛል። ብረቱ አልጠፋም፤ ከውሃው ወደ ሰጋቱራው ተዛወረ እንጂ። አፈር ላይ ከተደፋ ዝናብ መልሶ ያጥበዋል፤ ሜዳ ላይ ከተቃጠለም አመዱ ብረቱን ይዞ ይቀራል። ክዳን ባለው ዕቃ አኑሩት፣ ምን ብረት እንደያዘ ጻፉበት፣ ለአደገኛ ቆሻሻ አስወጋጅ አስረክቡ። የሚረከባችሁ ካላገኛችሁ ሥራውን ከፍላስክ አታሳድጉት።