ትንሽ ሽጉጥ ብዙ ይራገጣል፦ ጀማሪ ደብቆ የሚይዘውን ሽጉጥ ሲመርጥ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ሱቅ ያለው፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ወይም ነዳጅ ማደያ የሚሠራ ሐበሻ ሽጉጥ ሊገዛ ሲገባ ለሻጩ የሚያቀርበው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ "ትንሽና ቀለል ያለ፣ የማይራገጥ ስጠኝ" ይላል። በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ የማይታረቁ ሁለት ነገሮች አሉ። በልብስ ስር ለመደበቅ የሚመች ሽጉጥ ለመተኮስ አይመችም፤ ለመተኮስ የሚመቸው ደግሞ ለመደበቅ ያስቸግራል። ከታች ከተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ካለማወቅ ነው።

ክብደቱ የቀለለ ሽጉጥ ርግጫውም ይቀላል ብሎ ማሰብ

ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይገፋል። ይህን ግፊት የሚያረግበው የሽጉጡ ክብደት ነው። አንድ ዓይነት ጥይት ክብደቱ ግማሽ በሆነ ሽጉጥ ሲተኮስ እጅ ላይ የሚያርፈው የርግጫ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ሩገር ኤልሲፒ የተባለችው የኪስ ሽጉጥ ባዶዋን 270 ግራም ገደማ ትመዝናለች። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ 380 ደግሞ 18.5 አውንስ፣ ማለትም 524 ግራም ገደማ ነው። ሁለቱም የሚተኩሱት .380 የተባለውን ያንኑ የጥይት ዓይነት ነው። ሱቅ ውስጥ መዳፍ ላይ ሲያስቀምጧት የምታምረው ኤልሲፒ ናት፤ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ላይ ግን አንድ ካዝና፣ ማለትም አንድ የጥይት መያዣ፣ ሳያልቅ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ታቃጥላለች።

የክብደት ጉዳይ ብቻም አይደለም። የትናንሽ ሽጉጦች እጀታ አጭርና ቀጭን ስለሆነ ትንሿ ጣት የምታርፍበት ታጣለች። በሁለት ጣት ብቻ የተያዘ እጀታ በያንዳንዱ ተኩስ መዳፍ ውስጥ ይዞራል፤ ከያንዳንዱ ጥይት በኋላም አያያዝን ማስተካከል ግድ ይሆናል። እጀታው ሲቀጥን ደግሞ ግፊቱ በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ሕመሙ ይብሳል።

በዚህ ረገድ ዋናው ወጥመድ ክብደቱ የቀለለው ባለ 5 ጥይት ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበት ከበሮው የሚዞር ሽጉጥ፣ ነው። "ቀላል ነው፣ ጥይት አይነክስም፣ ለሴት ይሆናል" እየተባለ ይሸጣል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ክብደቱ 14.4 አውንስ፣ 408 ግራም ገደማ ነው። ምላጩን ለመሳብ ከ4.5 እስከ 5.5 ኪሎ የሚደርስ ጉልበት ይፈልጋል። ከራሱ ክብደት ከአሥር እጥፍ በላይ የሆነ ጉልበት በአንድ ጣት ሲያሳርፉበት አፈሙዙ ቀጥ ብሎ አይቆምም። በዚያ ላይ .38 ስፔሻል የተባለው ጥይቱ በዚያ ክብደት ሲተኮስ ልምድ ያለውን ሰው እንኳ ፊቱን ያስቋጥረዋል። ብዙ የተኮሰ ሰው ሊይዘው የሚችል ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለመማሪያ ግን አይሆንም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ባዶ ክብደቱ ከ500 እስከ 700 ግራም የሆነ፣ ሦስቱም ጣቶች እጀታው ላይ የሚያርፉበትን ይፈልግ። ግሎክ 19 (670 ግራም ገደማ)፣ ሲግ ፒ365 (505 ግራም ገደማ) እና ሁለቱ የሺልድ ኢዚ ዓይነቶች (ባለ .380 እና ባለ 9 ሚሊሜትር) በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። ፒ365 በአጭሩ ካዝና ለብዙ ሰው ትንሿን ጣት ስለማያሳርፍ ባለ 12 ጥይቱን ረጅም ካዝና መሞከር ይሻላል። ወፈር ያለ ሽጉጥ በሰፊ ሸሚዝና በጠንካራ ቀበቶ ይደበቃል፤ የሚራገጥን ሽጉጥ የሚያለዝብ ልብስ ግን የለም።

የጥይቱን ቁጥር ብቻ አይቶ መወሰን

".380 ከ9 ሚሊሜትር ይለዝባል" የሚባለው እውነት የሚሆነው ሁለቱ ሽጉጦች በክብደትና በአሠራር ከተቀራረቡ ብቻ ነው። አሠራር ያልነው ብዙ ሻጮች ጭራሽ የማያነሱት ነገር ነው። እንደ ዋልተር ፒፒኬ ያሉ የቆዩ ባለ .380 ሽጉጦች አፈሙዛቸው በቦታው የጸና ነው፤ ስላይዱን፣ ማለትም ወደ ኋላ የሚንሸራተተውን የላይኛውን ብረት፣ የሚይዘው የራሱ ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ብቻ ነው። ጥይቱ ሲፈነዳ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ወደ እጅ ይመጣል። እንደ ግሎክ 42 ባሉት ደግሞ አፈሙዙና ስላይዱ ተቆላልፈው አብረው ትንሽ ወደ ኋላ ከሄዱ በኋላ ይለያያሉ፤ ርግጫው ይከፋፈልና ይለዝባል። ለዚህ ነው 390 ግራም የማይሞላው ግሎክ 42 ከሱ እጅግ ከሚከብደው የብረት ፒፒኬ ይልቅ ለብዙዎች የሚለሰልሰው። ፒፒኬ ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ለማቀባበልም ያስቸግራል። ስለዚህ ሻጩን "አፈሙዙ የጸና ነው ወይስ ከስላይዱ ጋር የሚቆለፍ?" ብለው ይጠይቁት። መልሱን ካላወቀ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

.22 ኤልአር የተባለው ትንሽ ጥይት ርግጫው ከምንም አይቆጠርም፤ ጥይቱም ርካሽ ስለሆነ ለመማር የሚወዳደረው የለም። ችግሩ የማቀጣጠያው ባሩድ በቀለሁ ጠርዝ ዙሪያ የተቀባ በመሆኑ አንዳንዱ ጥይት ሲመታ ዝም ይላል። ለልምምድ ይህ ምንም አይደለም። ለጥበቃ የሚያዝ ሽጉጥ ግን እጅ ሌላ የማይችል ካልሆነ በቀር በዚህ ላይ ባይመሠረት ይመረጣል።

9 ሚሊሜትር ለሚመርጥ ሰው ደግሞ ሳጥኑ ላይ "ፕላስ ፒ" የሚል ምልክት ያለውን ይተው። የበለጠ ግፊት ያለው ጥይት ነው፤ ጀማሪ የሚያተርፈው ነጸብራቅና ድንጋጤ ነው።

ስላይዱን ሳይስቡ መክፈል

ሰዎች ሱቅ ውስጥ ሽጉጡን ያነሳሉ፣ ግድግዳው ላይ ያነጣጥራሉ፣ ይመልሳሉ። ቤት ሲደርሱ ማቀባበል ያቅታቸዋል። ስላይዱ ባጠረ ቁጥር ሞላው እየጠነከረ ስለሚሄድ እዚህም ላይ ትንሹ ሽጉጥ ከትልቁ ይከብዳል።

የሻጩን ፈቃድ ጠይቀው፣ ካዝናው ወጥቶ በሽጉጡ ውስጥ ጥይት የሚገባበት ክፍል ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጠው እንዲህ ይሞክሩ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ፣ ጣትዎንም ከምላጩ ውጭ አድርገው ሽጉጡን ወደ ደረትዎ ያስጠጉ። ግራ እጅዎን ከላይ በኩል በስላይዱ የኋላ ክፍል ላይ ያሳርፉ፤ ቀለህ የሚወጣበትን ቀዳዳ አይሸፍኑ። ከዚያ በግራ እጅ ወደ ኋላ ከመጎተት ይልቅ በቀኝ እጅ እጀታውን ወደ ፊት ይግፉ፣ ግራው ባለበት ይጽና። ጉልበቱ ከጣት ሳይሆን ከትከሻና ከደረት ስለሚመጣ "አልችልም" ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ይችላል። አሥር ጊዜ ሳያቋርጡ ይድገሙት። ሰባተኛው ላይ እጅ ከዛለ ያ ሽጉጥ የእርስዎ አይደለም። ስላይዱን ወደ ኋላ ስቦ በማቆሚያው መቆለፍንም ይሞክሩ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የጣት ሕመም ወይም የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ላለበት ሺልድ ኢዚ የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በውስጡ መዶሻ ስላለው ሞላው ለስላሳ ነው፣ ካዝናውም ጥይት ሲሞላ በጣት ወደ ታች የሚያዝ ጉጥ አለው። የሩገር ሴኩሪቲ 380ም ስላይዱ በቀላሉ እንዲሳብ ተደርጎ የተሠራ ነው። የሌሎች ካዝናዎች የመጨረሻ ሁለት ጥይቶች ጣት ይልጣሉ፤ አፕሉላ የተባለችው የእስራኤሉ ማግሉላ ኩባንያ መሙያ ይህን ትፈታለች።

ባል ለሚስት መርጦ መግዛት

የሱ እጅ ሌላ፣ የሷ እጅ ሌላ። ሽጉጥ ልክ የሚሆነው አፈሙዙ ከክንድ ጋር ቀጥ ብሎ እያለ የሌባ ጣት ጫፍ ሥጋ ምላጩ መሐል ላይ ሲያርፍ ነው። ጣት አጥራ ሽጉጡን በማዞር ብቻ የምትደርስ ከሆነ ርግጫው የሚያርፈው በአውራ ጣት መገጣጠሚያ ላይ ነው። ይህን በሌላ ሰው እጅ መለካት አይቻልም።

የሕግ ጣጣም አለው። ከነጋዴ ሲገዛ የሚሞላው ቅጽ 4473 እውነተኛው ገዢ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። በራስ ገንዘብ ገዝቶ ከልብ ስጦታ መስጠት በፌዴራል ሕግ የተፈቀደ ነው። ገንዘቡን ሌላ ሰው ሰጥቶ "በስምህ ግዛልኝ" ካለ ግን ቅጹ ላይ ሐሰት ተጻፈ ማለት ነው፤ ያስገዛው ሰው መሣሪያ እንዳይይዝ በሕግ የተከለከለ ከሆነ ደግሞ በ2022 የወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት እስራት አስቀምጧል። የወንድምነትና የዝምድና ይሉኝታ በዚህ ቦታ አይሠራም።

ሳይተኩሱ መግዛት፣ ወይም አንድ ካዝና ተኩሶ መፍረድ

ብዙ ሬንጆች ሽጉጥ ያከራያሉ። ለሦስት ሽጉጥ ኪራይና ጥይት የሚወጣው ገንዘብ ሁለተኛ ሽጉጥ ከመግዛት ያድናል። መጀመሪያ በ.22 አንድ ሳጥን ጥይት፣ ቀጥሎ በትልቅ 9 ሚሊሜትር፣ በመጨረሻ ለመግዛት ባሰቡት ሽጉጥ ይተኩሱ። ከትንሹ የመደበቂያ ሽጉጥ የጀመረ ሰው መደንበር ይለምዳል፤ የለመደውን መደንበር ማስተው ደግሞ ወራት ይፈጃል።

ጀማሪ "ርግጫ" የሚለው ግማሹ ድምፅ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባ መድፈኛና ከላይ የሚደረግ ማፈኛ ሁለቱንም አብረው ያድርጉ። ጎንዎ ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው ካለ መደዳ ይለውጡ፤ በዚያ ጩኸት ስር ስለ ሽጉጥ መፍረድ አይቻልም።

ኢላማውን 5 ያርድ (4.5 ሜትር ገደማ) ላይ ሰቅለው አምስት ጥይት ቀስ ብለው ይተኩሱ። የቀኝ እጅ ተኳሽ ጥይቶቹ ወደ ታችና ወደ ግራ ከሄዱ ማነጣጠሪያው አልተበላሸም፤ ፍንዳታውን እየጠበቁ እጅዎን እየገፉ ነው። ማረጋገጫው እንዲህ ነው፦ ጓደኛዎ ካዝናውን ሲሞላ በእውነተኞቹ መካከል አንድ ሁለት ባሩድ የሌለው የማይፈነዳ የመለማመጃ ጥይት ይቀላቅል። ምላጩ ተስቦ ሳይፈነዳ ሲቀር አፈሙዙ ወደ ታች ከጎነበሰ መደንበሩ በዓይን ይታያል። ሦስቱን ሽጉጦች በዚህ መንገድ ሲያወዳድሩ የትኛው ላይ ትንሽ እንደሚደነብሩ ይለያል፤ የሚገዛው እሱ ነው።

በዚሁ ቀን ሌላም ነገር ይስተዋላል። የእጅ አንጓ ከላላ ቀላል ሽጉጥ ስላይዱ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ስለማይሄድ ቀለሁ መውጫው ላይ ቆሞ ይቀራል። ጀማሪው "ሽጉጡ ብልሹ ነው" ይላል፤ ከባድ ሽጉጥ ይህን ስህተት የበለጠ ይታገሣል።

የጥበቃውን ጥይት ሳይሞክሩ መሙላት

የልምምዱ ጥይት አፍንጫው ድቡልቡል ነው፣ ለጥበቃ የሚሸጠው ግን አፍንጫው ክፍት ነው። አንዳንድ ሽጉጥ አንደኛውን እየበላ ሁለተኛውን ይተፋል። ከሚይዙት ጥይት ቢያንስ 50 ያህሉ ያለ እንከን እስኪያልፍ ድረስ ሽጉጡን አይመኑት። ውድ ነው፤ ግን ይህ ወጪ የሚቀር አይደለም።

ሆልስተሩን (የሽጉጡን ማኅደር) ለመጨረሻ መተው

ማኅደሩ ምላጩን ዙሪያውን የሚሸፍን፣ የማይተጣጠፍ መሆን አለበት። ጨርቅ ማኅደር ሲታጠፍ ምላጭ ሊስብ ይችላል። ተራ ቀበቶም ግማሽ ኪሎ ብረት ስለማይሸከም ሽጉጡ ይንጋደዳል፣ ልብሱም ያጋልጠዋል።

ለሴቶች ነገሩ ይከብዳል፤ ቀሚስ ለለበሰች፣ በተለይ ሐበሻ ቀሚስ ለለበሰች፣ ቀበቶ የለም። ወገብ ላይ የሚጠመጠም ሰፊ መቀነት መሰል ማኅደር አለ፤ ሲገዛ ምላጩ ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው ይሁን። ቦርሳ የመጨረሻው ምርጫ ነው። በዲሴምበር 2014 አይዳሆ ግዛት ሄይደን ከተማ ዋልማርት ውስጥ አንድ የ2 ዓመት ሕፃን ከእናቱ ቦርሳ ሽጉጥ አውጥቶ እናቱን ገድሏል። ቦርሳው ለሽጉጥ ተብሎ የተሠራ፣ ኪሱም ዚፕ ያለው ነበር። ቦርሳ ከትከሻ ይወርዳል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ልጅ ይደርስበታል። ቤት ሲገባም ሽጉጡ በቁልፍ የሚዘጋ ሳጥን ውስጥ እንጂ ፍራሽ ስር አይቀመጥም።

ሽጉጡን መርጦ ሕጉን መርሳት

በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በመሰል ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ሽጉጥም ሆነ ጥይት መያዝ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፤ ሆኖም የመሣሪያ ወንጀል ጥፋተኝነት ዜጋ ያልሆነን ሰው ከአገር ለማስወጣት በቂ ምክንያት ነው። ዜጋ ከሚቀጣው ቅጣት በላይ የሚቀጣ ስለሆነ የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ያላለቀ ሰው ከሻጩ በፊት ጠበቃ ያማክር።

የሽጉጡ ዓይነትም በግዛት ይወሰናል። ሜሪላንድ ውስጥ የሚሸጠው ግዛቱ ባጸደቀው ዝርዝር ውስጥ ያለ ሽጉጥ ብቻ ነው፤ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝናም አይሸጥም። ለመያዣ ፈቃዱ የመጀመሪያው ሥልጠና 16 ሰዓት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃዱ የሚወጣው ከሰርኪዩት ፍርድ ቤት ሲሆን ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ሜሪላንድም ዲሲም ግን አይቀበሉትም። ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ለለቅሶ ወይም ለሰርግ ሲሄድ በቨርጂኒያው ፈቃድ ብቻ በወገቡ ታጥቆ የፖቶማክ ወንዝን ድልድይ ከተሻገረ ወንጀል ፈጽሟል። ሽጉጡን ቤት ትቶ መሄድ ነው። በመነሻውም በመድረሻውም ሕጋዊ ሆኖ እየያዘ የሚያልፍ መንገደኛ ደግሞ ጥይቱን ከሽጉጡ አውጥቶ ሽጉጡንም ጥይቱንም እጅ በማይደርስበት፣ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያኑር፤ መኪናው የተለየ ዕቃ መጫኛ ከሌለው በተቆለፈ ሳጥን ያድርግ፤ የመኪናው የፊት መሳቢያና በወንበሮቹ መካከል ያለው ሳጥን አይቆጠሩም።