የራሳችንን ጥናት ተከልክለን እንዳንቀር፦ ፔፐር ስናሳትም የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፗን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ከፍታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ስክሪኑ ላይ ያለው የራሷ ጥናት ነው፤ ስሟ ከላይ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ ሙሉውን ለማንበብ 39 ዶላር ክፈሉ ይላል። ሁለት ክረምት ጭቃ እየረገጠች፣ ቤት ለቤት እየጠየቀች የሰበሰበችው መረጃ ነው። ለተማሪዎቿ ልታካፍለው ፈልጋ ነበር። «የገዛ ሥራዬን ልግዛው እንዴ?» አለችኝ።

ነገሩ የተበላሸው ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ፊርማ ነው። እኔም ከዚያው ልጀምር።

ሳያነቡ መፈረም

«ጽሑፍዎ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ደስታው ልዩ ነው። ፕሮሞሽን ሲጠብቅ ለከረመ አስተማሪ ደግሞ እጥፍ ድርብ ነው። ቅጹ የሚላከው በዚያው ደስታ መሐል ነው። ብዙዎቻችን ሁለት ቦታ ክሊክ አድርገን እናልፈዋለን።

ቅጹ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ የቅጂ መብቱን ጠቅልሎ ለአሳታሚው ያስተላልፋል። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው በሥራው ላይ የሚያዝዘው አሳታሚው የፈቀደለትን ያህል ብቻ ነው። ሌላው ግን የማሳተም ፈቃድ ብቻ ይሰጣል፤ መብቱ ከጸሐፊው ጋር ይቆያል። በእኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከሥራው የሚገኘው የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። ያ ክሊክ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስት ነገር ፈልጉበት። የቅጂ መብቱ በማን ስም ይሆናል? የትኛውን ቅጂ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ በነፃ መልቀቅ ይቻላል? ክፍል ውስጥ ማስተማሪያ ላደርገው እችላለሁ? ያልተዋጠላችሁ ነገር ካለ ጻፉላቸው። «ለማስተማርና በዩኒቨርሲቲዬ ዲጂታል ማከማቻ (ሪፖዚተሪ) ለማስቀመጥ መብቴ ይጠበቅልኝ» ማለት ነውር የለውም። ሁሉም እሺ አይሉም፤ እሺ የሚሉም ግን አሉ። ካልጠየቃችሁ ማን ይሰጣችኋል?

ኦፕን አክሰስን ከክፍያ ጋር አንድ ማድረግ

ኦፕን አክሰስ ጥናት ለማንም አንባቢ በነፃ ክፍት የሚሆንበት አሠራር ነው። አንዳንድ ጆርናሎች ለዚህ ጸሐፊውን ስለሚያስከፍሉ «ኦፕን አክሰስ የሀብታም ነው» ሲባል በየስብሰባው እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የቡዳፔስት ኦፕን አክሰስ መግለጫ የሚለው ሌላ ነው። ጥናቱን ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያንብበው፣ ያውርደው፣ ያባዛው፣ ያሰራጨው፤ ለጸሐፊው ግን ተገቢው ዕውቅና ይሰጠው ነው የሚለው። ገንዘቡን ጸሐፊው ይክፈል የሚል የለበትም።

በእርግጥ ዋጋቸው የማይቀመስ አሉ። ታዋቂው የሳይንስ ጆርናል ኔቸር እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን አማራጭ ሲጀምር ለአንድ ጽሑፍ 9,500 ዩሮ ነበር የተመነው። የእኛ አገር አስተማሪ ደመወዙን ሳይነካ ዓመታት ቢያጠራቅም እንኳ የሚሞላለት አይደለም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2003 በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ማውጫ፣ ዶአጅ (DOAJ) የሚባለው፣ ውስጥ ካሉት ጆርናሎች አብዛኞቹ ከጸሐፊ ምንም አያስከፍሉም። ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲና በሙያ ማኅበር የሚደገፉ ናቸው። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያ ፈልጉ።

የሚያስከፍል ጆርናል ከመረጣችሁ ደግሞ ክፍያው እንዲነሳላችሁ ጠይቁ። ሪሰርች ፎር ላይፍ ለታዳጊ አገሮች የምርምር ጽሑፎችን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው፤ ኢትዮጵያም በእሱ ምድብ ኤ ውስጥ ናት። ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆኑ ጆርናሎቻቸው ለዚህ ምድብ ክፍያ ያነሳሉ። ግማሹ ክፍት፣ ግማሹ ዝግ በሆኑት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጽሑፉ ሲገባ ነው። ሂሳቡ ከመጣ በኋላ መለመን ብዙም አያዋጣም።

የሙገሳ ኢሜይል አምኖ ጽሑፍ መላክ

አንድ የማስተርስ ተማሪ የደረሰውን ግብዣ አሳይቶኝ ነበር። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ይለዋል። እሱ የተማረው አፈር ሳይንስ ነው። ጆርናሉ ከጥርስ ሕክምና እስከ ኢኮኖሚክስ ሁሉንም አሳትማለሁ ይላል፤ ግምገማውንም በ72 ሰዓት እጨርሳለሁ ይላል። ተማሪው ደስ ብሎት ገንዘብ ሊበደር ነበር።

እንደዚህ ዓይነቶቹ፣ ፕሬዳተሪ የምንላቸው፣ የሚወስዱት ገንዘብ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ በቀለለ። አንዴ ከለጠፉት በኋላ ላውጣው ብትሉ እሺ አይሉም፣ ወይም ለማውጣት ሌላ ክፍያ ይጠይቃሉ። ደህና ጆርናል ደግሞ «የታተመ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። የዓመታት ድካም መሐል ላይ ይቀራል።

አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል ፕሬዳተሪ ናቸው ብሎ የጠረጠራቸውን የዘረዘረበትን የጥቁር መዝገብ ኮፒ እስካሁን በቴሌግራም የሚላላኩ አሉ። ዋናው ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ከኢንተርኔት ወርዷል፤ በእሱ ብቻ አትወስኑ። የኤዲተሮቹን ስም ፈልጉ። ለአንዱ በዩኒቨርሲቲው አድራሻ ጻፉና በእርግጥ እዚያ እንደሚሠራ ጠይቁት። ስሙ ያለበትን ጆርናል ጭራሽ የማያውቅ ኤዲተር አጋጥሞኛል።

ነፃ ስለሆነ ባለቤት የለውም ማለት

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ሲሲ ባይ (CC BY) የሚል የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ያለበትን ሥራ መጠቀምና መተርጎም ይቻላል፤ የጸሐፊውን ስም መጥቀስ ግን ግዴታ ነው። ኤንሲ ከተጨመረበት ለንግድ አይውልም። ኤንዲ ካለበት ደግሞ ትርጉሙን ለሕዝብ ማውጣት አይቻልም።

የመጨረሻውን ረቂቅ መጣል

ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። የጥናት ጽሑፍ ሦስት መልክ አለው፦ ለግምገማ የገባው፣ ተገምግሞና ታርሞ ተቀባይነት ያገኘው፣ እና በጆርናሉ ገጽ ተቀናብሮ የወጣው። መብታቸውን ያስተላለፉ ጸሐፊዎችም ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ከተወሰነ ወራት በኋላ በነፃ እንዲለቁ ይፈቀድላቸዋል። ችግሩ ፋይሉን ማንም አያስቀምጠውም። ኮምፒውተር ይቀየራል፣ ፍላሽ ይጠፋል።

የአሳታሚዎችን ደንብ ሰብስቦ በሚያሳየው፣ አሁን ኦፕን ፖሊሲ ፋይንደር በሚባለው ሼርፓ ሮሚዮ ላይ የጆርናሏን ስም አስገባን። ከታተመ ከ12 ወር በኋላ ይፈቀዳል ይላል። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኢትዮጵያ ኦፕን አክሰስ ፖሊሲም በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት በብሔራዊው ሪፖዚተሪ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። የጎደለው ፋይሉ ብቻ ነበር።

ኢሜይሏን ስንበረብር አመሸን። በመጨረሻ ለአንዱ ተባባሪ ጸሐፊ የላከችው ዎርድ ፋይል ተገኘ። «ፋይናል 3 የታረመ» ይላል ስሙ። አንድ በአንድ ከታተመው ጋር አስተያይታ፣ ዋናው የወጣበትን ጆርናል ከላይ ጠቅሳ ለሪፖዚተሪው ሰጠች። በሳምንቱ ሊንኩን ለተማሪዎቿ ግሩፕ ላከችው።