ሃይድራንጂያን ከደብረ ብርሃን ውርጭ እንዴት ማትረፍ ይቻላል?

ደብረ ብርሃን ግቢዬ ውስጥ የተከልኩት ሃይድራንጂያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ነበር። ቅጠሉ ሰፊ፣ ያማረ ነው፤ አበባ ግን የለም። አፈሩ ነው ብዬ ፍግ ጨመርኩ። ውኃ ነው ብዬ ጠዋት ማታ አጠጣሁ። ለካስ ችግሩ መቀሴ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ግቢው ይጽዳ ብዬ ከሥሩ እቆርጠው ነበር።

ይህ ቅጠለ ሰፊና አበባው እንደ ኳስ የሚድቦለቦል ዓይነት ከጃፓን የባሕር ዳርቻ የመጣ ነው። ቀዝቀዝ ያለ አየር ይስማማዋል፣ ውርጭ ግን ይጎዳዋል። የሚያብበው ደግሞ አምና ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነው። እምቡጡ አየሩ ሲቀዘቅዝ ጫፉ ላይ ተቋጥሮ ይቆያል። ኅዳር ላይ የቆረጠ ሰው መጪውን አበባ ቆረጠ ማለት ነው። ውርጭ ጫፉን ሲመታውም ያው ነው፤ ተክሉ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ የዓመቱ አበባ ግን ቀረ።

አተካከሉ ቀላል ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ ትከሉት፣ ብርዱ ሳይመጣ ሥር ይይዛል። ረባዳ ቦታ ላይ አይሁን፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል። የድንጋይ ግድግዳ ጥግ ከሁሉም ይሻላል። ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፣ ነፋሱንም ይከልላል። አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ በደንብ የተብላላ ፍግ ቀላቅሉበትና ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት። ውኃ ይወዳል፣ ሥሩ ውኃ ውስጥ ከተኛ ግን ይበሰብሳል። ሰማያዊ አበባ የምትወዱ ከሆነ የምድጃ አመድ አታድርጉበት። አመድ የአፈሩን አሲድነት ስለሚቀንስ አበባው ወደ ሮዝ ይሄዳል። ነጩ ግን አፈር ስለተቀየረ ቀለሙን አይቀይርም።

ዋናው ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ውርጭ የሚወርድበት ማታ ምልክት አለው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ኮከቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ነፋሱም ጸጥ ይላል። ደመና ያለበት ምሽት አያሳስብም። ሰማዩ ሲጠራ ግን ምድር ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት የሚይዝላት የለም።

እንዲህ ያለ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥሩን አጠጡት። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛል። ከዚያ በተክሉ ዙሪያ አራት እንጨት ትከሉ፣ ከተክሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይበሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ በእንጨቶቹ ላይ ጣሉና እስከ መሬት አውርዱት። ከመሬት የሚወጣው ሙቀት ውስጡ እንዲቀር ዳርና ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት። ሥሩ ላይ የገብስ ገለባ ወፈር አድርጋችሁ አንጥፉ።

ላስቲክ በቀጥታ አታልብሱት። እኔ አንድ ዓመት ለመገላገል ብዬ ላስቲክ አልብሼው አደርኩ። ጠዋት ስገልጠው ውስጡ አመዳይ ሠርቷል፣ ላስቲኩ የነካው እምቡጥ ሁሉ ጠቁሯል። በጣቴ ስነካው ፍርክስ አለ። ሳይነካ የተረፈው አንድ ጥንድ እምቡጥ ብቻ ነበር፣ አረንጓዴና ወፍራም፣ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል። በዚያ ዓመት ያበበው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከጆንያ ሌላ አላምንም።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ አመዳዩ ከሣሩ ላይ ሲጠፋ፣ ጆንያውን አንሡት። ቀኑን ሙሉ ተሸፍኖ መዋል የለበትም፤ ይታፈናል፣ ይሻግታል። አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለቀናት የደከማችሁበትን አንድ ሌሊት ይወስደዋል።

የደረቀውን አበባ አትቁረጡ፤ ከበታቹ ላለው እምቡጥ መጠለያ ይሆነዋል። ብርዱ ሲያልፍ፣ መጋቢት ላይ፣ ቅርንጫፉን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው፣ ተዉት። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሕያው ክፍል እስክታገኙ ድረስ እየቀነሳችሁ ውረዱ። የደረቀውን አበባም ያኔ ከመጀመሪያው ጤነኛ ጥንድ እምቡጥ በላይ ቁረጡት።

በየምሽቱ ለመሸፈን ጊዜ የሌለው ሰው፣ ካገኘ፣ አበባው ሾጠጥ ብሎ የሚወጣውን ዓይነት ይትከል። እሱ በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያብብ ውርጭ ጫፉን ቢበላውም ያብባል።

በግና ፍየል ካላችሁ አጥሩለት። ቅጠሉም እምቡጡም መርዝ አለው፣ የቆረጣችሁትንም ደጅ አትጣሉ።