አቀላጥፎ ያነባል፣ ግን አልገባውም፦ ችግርና መፍትሄ

ዓይኑም ጆሮውም ተመርምሮ ደህና የተባለ፣ ፊደል የቆጠረ ልጅ ይዛችኋል ብዬ ልነሳ።

መጀመሪያ ምንባቡን ራሳችሁ አንብቡለትና ጠይቁት። የንባብ ተመራማሪዎቹ ጎፍና ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳስቀመጡት፣ አንብቦ መረዳት የሁለት ችሎታዎች ብዜት ነው፦ የተጻፈውን ቃል የማንበብና ሲነገር ሰምቶ የመረዳት። ድምር አይደለም፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። ሲነበብለት ከገባው ችግሩ ቃል ማንበቡ ላይ ነው። ሲነበብለትም ካልገባው ቋንቋው ወይም ዕውቀቱ ላይ ነው። ይህን ሳታዩ መልመጃ አታድሉ።

ምልክት፦ እየተንተባተበ ያነባል፤ ሲነበብለት ግን ይገባዋል።
መንስኤ፦ ሐሳቡ ፊደል በመልቀም ያልቃል።
መፍትሄ፦ የፊደልና የድምፅ ልምምድ፣ ከዚያ አንድን ምንባብ እየታረመ ደጋግሞ ማንበብ። በሰዓት መቁጠሪያ አታዋክቡት!

ምልክት፦ እንደ ዜና አንባቢ ይወርደዋል፤ ጥያቄውንም ይመልሳል፤ "በል አስረዳኝ" ሲባል ግን ዝም።

እኔ ዘንድ የሚመጡት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉት ናቸው። "ጎበዝ አንባቢ እኮ ነው፣ ፈተና ላይ ምን እንደሚነካው እንጃ" ይላል ወላጅ። ችግሩን ደብቀው ያቆዩት ጥያቄዎቹ ናቸው። እስቲ ይህን አንብቡ፦ "ቶርቡ ሚነቁን በጊልፍ ፈመጠው።" ሚነቁን ማን ፈመጠው? ቶርቡ። በምን? በጊልፍ። ሁለቱንም መለሳችሁ፤ ታዲያ ምን ተረዳችሁ? ብዙው የመልመጃ መጽሐፍ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ በቀለም ያጌጠ ቃል ለቀማ! አንዲት ልጅ ስለ ደም ዝውውር አንብባ አንድም ጥያቄ አልሳተችም። "ልብ ቢቆምስ?" ብላት ገጹን እያሳየችኝ "እሱ እዚህ የለም" አለችኝ። ሌላው "ዋናው ሐሳብ ምንድን ነው?" በተባለ ቁጥር የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ያነብልኛል፤ እንዲያ ተብሎ ተምሯል።

መንስኤ፦ የቃላትና የዕውቀት ማነስ። ሬክትና ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ንባባቸው ደካማ ሆኖ ቤዝቦልን የሚያውቁ ተማሪዎች፣ ስለ ጨዋታው የተጻፈውን ጨዋታውን ከማያውቁ ጎበዝ አንባቢዎች የበለጠ ተረድተውታል።

መፍትሄ፦ በየቀኑ ርዕስ አትቀያይሩ፤ በአንድ ጉዳይ ላይ ለሳምንታት ቆዩ። ብቻውን ከሚችለው ከበድ ያለውን እናንተ አንብቡለት። ቁልፍ ቃላቱን አስቀድሙ። በየአንቀጹ መጽሐፉን አዘግታችሁ አስተርኩት። መልሱ ገጹ ላይ ተጽፎ የማይገኝ "ለምን?" እና "ባይሆንስ?" ጠይቁ። መገመት፣ መጠየቅ፣ ማብራራትና ማጠቃለልም ይማር፤ ይጠቅማሉ።
ማስጠንቀቂያ፦ ስልቶቹን ራሳቸውን የቻሉ ትምህርት አታድርጓቸው። ዓመቱን ሙሉ "መገመት" ሲለማመድ ከርሞ ስለምንም ነገር ያላወቀ ልጅ አይቻለሁ።
ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2000 ካወጣው ሪፖርት የተወሰዱት አምስት የንባብ ትምህርት ዘርፎች (የቃል ድምፆችን መለየት፣ ፊደልን ከድምፅ ማዛመድ፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ ቃላት፣ አንብቦ መረዳት) ሲዘረዘሩ አንብቦ መረዳት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ዝርዝሩን መሰላል ያደረጉት መምህራን ልጁ ማንበብ እስኪለምድ ይጠብቃሉ። አትጠብቁ! ፊደል በሚማርበት ወቅት መረዳትን በጆሮው ይማር።

ምልክት፦ "እሱ" እና "ያ" ማንን እንደሚያመለክቱ ይጠፋዋል።
መፍትሄ፦ በእርሳስ መስመር እየሳበ ያገናኝ።

ምልክት፦ በተራ ወሬም ይጠፋል፤ የራሱንም ነገር መተረክ ያቅተዋል።
መፍትሄ፦ የንግግርና ቋንቋ ባለሙያ ይየው።