ለስላሳው ለምን ይገነፍላል? ጋዙስ የት ይሄዳል?

ያልተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንሥተው ቢያዩት አንድም አረፋ የለበትም። ቆርኪው ሲነሣ ግን ጥቃቅን አረፋዎች ሽቅብ ይሽቀዳደማሉ። ጋዙ ቀድሞውኑ እዚያው ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ፋብሪካው በግፊት አስገብቶ አሟምቶታል። በአንድ ሊትር ኮላ ውስጥ 7 ግራም ያህል አለ። ግፊቱ ከተለቀቀ በኋላ ግን ውሃ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ1.5 ግራም ብዙም የሚበልጥ ሊይዝ አይችልም። የተረፈው መውጣቱ አይቀርም፤ የሚለያየው የሚወጣበት ፍጥነት ነው።

ሲከፈት ገንፍሎ ልብስ ያበላሻል

ወይ ሞቋል፣ ወይ ተንጧል። ሲናጥ ግፊቱ የሚጨምር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። መናጡ በጠርሙሱ አንገት ያለውን ጋዝ ሰባብሮ በፈሳሹ ውስጥ ይበትነዋል። የሟሟ ጋዝ ከባዶ ተነሥቶ አረፋ መሥራት ይከብደዋል፤ የተዘጋጀ አረፋ ሲያገኝ ግን ተሻምቶ ይገባበታል። ስለዚህ ጠርሙሱን አቁመው ጥቂት ደቂቃ ይተዉት፤ የተበተኑት ወደ አንገቱ ይመለሳሉ። ከሞቀ ግን መጠበቅ አይበቃም፣ ማቀዝቀዝ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጋዝን አጥብቆ ይይዛል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ጅቡቲ ላይ ረጋ ብሎ የሚከፈት ጠርሙስ በእኩል ሙቀት እዚህ ይቸኩላል።

ብርጭቆ ውስጥ አረፋው ሞልቶ ይፈሳል

ብርጭቆውን ጠጋ ብለው ይመልከቱ። አረፋዎቹ ከየቦታው አይነሡም፤ ከአንዲት ነጥብ እንደ ክር ተከታትለው ይወጣሉ። እዚያች ነጥብ ላይ ጭረት ወይም ከፎጣ የቀረ ብናኝ አለ፤ በውስጡም ትንሽ አየር ታፍኗል። እንግዳ ላክብር ብዬ ብርጭቆውን በነጭ ፎጣ አሽቼ አሽቼ የቀዳሁት አምቦ ውሃ ጠረጴዛው ላይ ከፈሰሰ ወዲህ ፎጣውን ትቻለሁ። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቆ መድፋት ይሻላል። ሲቀዱም ብርጭቆውን አጋድለው በግድግዳው በኩል ያውርዱት።

ተርፎ ያደረው ጋዙ ጠፍቷል

ጋዙ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ እስኪሞላ ይወጣል፤ በተከፈተ ቁጥር የወጣው ይጠፋና እንደገና ይጀምራል። የፕላስቲኩን ጠርሙስ ጨምቆ አየሩን አስወጥቶ መክደን በየቤቱ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ይባስ ያጎድላል። የተጨመቀው ጠርሙስ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ክፍተቱን የሚሞላው ከመጠጡ የሚወጣው ጋዝ ነው። ወደ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ገልብጠው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት።

ሳይከፈት የቆየውም ጋዝ የለውም

ጋዝ በፕላስቲክ ግድግዳ ውስጥ ቀስ እያለ ያልፋል፣ ፀሐይ ላይ ሲውል ደግሞ ይፈጥናል። የመስታወት ጠርሙስ ይህ ችግር የለበትም። ለፕላስቲኩ ግን መፍትሔ የለውም፤ ሲገዙ የተመረተበትን ቀን ይዩ።

ፍሪዘር ውስጥ ተረስቶ አደረ

ጠርሙሱ ካልፈነዳ ዕድለኛ ነዎት፤ ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። በረዶው ጋዙን ስለማይቀበል ሁሉም ባልረጋው ፈሳሽና በአንገቱ ውስጥ ታጭቋል። ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ ድረስ ቆርኪውን አይንኩት።